ቀጨኔ የመረጠኝ በደብዳቤህ ነው

ልጄ ስብሐት፣ የቀጨኔው መድኃኔ ዓለም እዚያ ሰው አገር ቡልጋሪያም ጥላ ከለላ ይሁንህ። እኛ ደህና ነን።

ቀጨኔ በሙሉ እጁን አውጥቶ ለቀበሌ መረጠኝ። በሙሉ ማለቴ፣ ተፎካካሪዬን አቶ መሸሻን በአምስት ሰው እጅ በለጥኩት። የቦኖውን ውሃ ጠዋት ጠዋት አስከፍታለሁ እያልኩ ዳገቱን ቤት ለቤት ስዞር ነው የከረምኩት። ስብሰባው ላይ መሸሻ ተነሥቶ፣ "እትዬ ሙሉ፣ ቃለ ጉባኤውን ማን ሊያነብልሽ ነው?" አለኝ። "መሠረተ ትምህርት ለጌጥ የገባሁ መሰለህ?" ብዬ ደብዳቤህን ከመቀነቴ አወጣሁና በሕዝብ ፊት አነበብኩለት። "እናቴን ምረጡልኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ብርዱን አትናቀው፣ ልብስ ደርብ። መሸሻ ግን ደብዳቤውን በዓይኔ ካላየሁ ብሏል። ዕድሜ ይስጥህና ያንን ቃል በእጅህ ጽፈህ ቶሎ ላክልኝ፤ ከራሴ ጨምሬ ነው ያነበብኩት።

እናትህ ሙሉእመቤት