የጎበጠው የተጎታች አክስል

ሰኞ፣ ግንቦት 3፣ ጠዋት

ወንበር እየቆጠርኩ ነው። የሁለቱ እግር ተሰብሯል፣ አንዱ የለም። ድንኳኑ አልደረቀም። ይኼ እንኳ የለመድኩት ነው። ተጎታቹን እየው እንጂ ደብተሬ! የግራ ጎማው ላዩ ወደ ውስጥ፣ ታቹ ወደ ውጭ። ቆሞ ያነክሳል። ከሥር ጎንበስ ብዬ ባይ አክስሉ፣ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ብረት፣ ጎብጧል።

ታደለን ጠየቅኩት። ታናሽ ወንድሜ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ያቺን አሮጌ ፒካፕ የሚነዳልኝ። ድንኳንና ወንበር የምናከራየው አብረን ነው። ትናንት ከጥርባው ሠርግ ዕቃ ሲመልስ ጉድጓድ ገባሁ አለ። የት ጋ? መንገድ ላይ። እንዴ፣ መንገድ ላይማ ነው፣ ሰማይ ላይ አይደለ! ሻዩን ጨልጦ ወጣ።

ቅዳሜ ዘንገና ሠርግ አለን። አቶ አለሙ ልጃቸውን ይድራሉ። ቃል ገብቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ብየዳ ቤት ዋልን። አያ ይርሳው አንዴ አየና ሳቀብኝ። ይኼ አክስል አይደለም፣ የውሃ ቱቦ ነው አለ። ተጎታቹን ርካሽ ብለን ስንገዛው ቀለሙ እንዴት ያምር ነበር! ይቀየር፣ ይኼ የወንበር ጭነት አይችልም አለ። ታደለ ደግሞ፣ የለም፣ በእሳት ይቃና፣ ምንም አይልም።

የዚህ ልጅ «ምንም አይልም» ነው የሚገድለኝ። መኪናው ሲያጨስ ምንም አይልም። ፍሬኑ ሲጮኽ ምንም አይልም። ቆይ፣ የሚለው መቼ ነው?

ግን እኔም ቅዳሜን አሰብኩና እሺ አልኩ። አሞቁት፣ ቀጠቀጡት፣ ቀና። አያ ይርሳው እጁን እየጠረገ፣ እኔ ነግሬሻለሁ አለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ባዶውን ጎትተን ሞከርነው። ደህና ይሄዳል። ታደለ፣ አየሽ እታለም፣ እያለ ከተማውን ሁለት ጊዜ አዞረኝ። ደስ አለኝ። አላመንኩትም ደግሞ።

በሰፊ ሜትር ርዝመቱን ለካሁ፤ ከጎማ ጎማ፣ አክስሉ ከሚታሰርበት ባሌስትራ ባሌስትራ። ዳንግላ ላለው የመለዋወጫ ነጋዴ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። በስንት መከራ ሲገባ፣ አክስል ሁሉ አንድ ነው፣ ነይና ውሰጂ አለኝ። አንድ ነው! ጫማም ሁሉ አንድ ነው በለኛ!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8፣ ከሰዓት

ተኛ። ዘንገና ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን፣ ዳገቱ ላይ፣ አክስሉ ያው የተቃናበት ቦታ ላይ እጥፍ አለ። ወንበሩ ጭቃ ላይ ተዘረገፈ። ዝናቡም ጀመረ፣ ምን ቀረው።

ማልቀስ አማረኝ፣ አላለቀስኩም። ታደለን ብቻ ተናገርኩት። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ታደለ ሮጦ ለሠርጉ ቤት ነገረ። ምን ሲሉኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ዘፈን ሰማሁ። የሙሽራዋ ዘመዶች፣ ወንዱም ሴቱም፣ እየጨፈሩ መጡ። አንድ አንድ ወንበር ራሳቸው ላይ ገልብጠው፣ ከዝናቡም ተጠልለውበት፣ እየዘፈኑ ተመለሱ። አቶ አለሙን ይቅርታ ብላቸው፣ «ልጄ፣ ወንበር በእልልታ ሲመጣ ያየሁት ዛሬ ነው» አሉኝ። ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፣ ከሐፍረት።

የባሰው ግን ቀጥሎ ነው። እማማ ጤናዬ የሚባሉ አሮጊት ድንኳኑ ውስጥ እጄን ያዙ። መጀመሪያ በአውኚ መረቁኝ፣ ቀጥለው በአማርኛ።

«ያን ለት ከጥርባ ስንመለስ ዝናቡ ሊጨርሰን ነበር። ወንድምሽ ተጎታቹ ላይ፣ ከነወንበሩ አሳፍሮ እያንዳንዳችንን ደጃችን አደረሰን። ስንት ሽማግሌ፣ ስንት አሮጊት መሰለሽ!»

«ማን? ታደለ?»

«እታለም ናት አሳፍራቸው ያለችኝ አለን እኮ። እግርሽ አይታመም ልጄ።»

አሜን አልኩ። ሰውዬው ጉድጓድ አይደለም የገባው፤ አክስሉን ያጎበጠው የሰው ጭነት ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ያዝኩት።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ትከለክይኛለሽ ብዬ።»

«አዎ፣ እከለክልሃለሁ!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

ስሜን ለምን ጠራህ ብዬ ጮህኩበት። ሽማግሌ ሰው የሰው ዕቃ ላይ መውጣት ይከብደዋል፣ ባለቤቷ ፈቅዳለች ሲባል ግን ይቀለዋል አለኝ። ረጋ ብሎ። ልቆጣ ስል ቁጣዬ ተበላሸ። ያናድዳል።

ግን ደግሞ የጥርባው ቁልቁለት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያ ቱቦ ትናንት እንዳደረገው እነሱን ጭኖ ቢተኛስ? እማማ ጤናዬስ? ይኼን ስለው ፊቱ ተለወጠ። ምሳውን አልጨረሰም።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ዳንግላ። ነጋዴው ያወጣልኝ አክስል ስለካው አጭር። ምንም አይደል፣ በብየዳ ይቀጠላል አለኝ። የታደለ ወንድም መሰለኝ! አልወጣም ብዬ ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። ገባ፣ ቆየ፣ እያጉረመረመ ሌላ አመጣ። ድፍን ብረት፣ ልኩ። ከነአዲስ ኩሽኔታው። የሚኒባስ ረዳቱ ጣራ ላይ ሲያወጣው ወገቤን አለ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

አያ ይርሳው ዕቃውን ይዞ ዳገቱ ድረስ መጣልን። ተጎታቹ ከቅዳሜ ጀምሮ እዚያው ነው፤ የሙሽራዋ ዘመዶች ሲጠብቁልን ሰነበቱ። በክሪክ አነሳነው፣ ድንጋይ ደገፍን። ማሰሪያ ቡሎኑ በዝገት አልፈታ አለ፤ ተቆረጠ። አሮጌው ሲወጣ እንደ ቀስት። አዲሱ ገባ፣ ተለካ፣ አንዱ ጎን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እንደገና ተፈታ። ላሞች እያለፉ ያዩናል። ታደለ ጭቃው ላይ ተጋድሞ ሲያጠብቅ ዋለ። ሲያልቅ ራሱ እያንዳንዱን ጎማ ነቀነቀ። ደግሞ ነቀነቀ። እንሂድ ብለው፣ «ቆይ እታለም፣ አንዴ ልየው» አለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ሚካኤል። ሥራ የለም፣ ስልክ ግን አለ። ግምጃ ቤት ከተማ ቅዳሜ ተዝካር አለ፤ ድንኳንም ወንበርም ይፈልጋሉ። ከዚህ የሚሄዱት ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፣ እማማ ጤናዬም አሉበት። ታደለ ይኼን ሲሰማ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

ሳስበው ዋልኩ፣ ወሰንኩ። ተጎታች ላይ ሰው አይወጣም፤ አክስሉ ድፍን ቢሆን፣ ወርቅም ቢሆን። ማለዳ ዕቃው ይደርሳል፣ ይራገፋል። ከዚያ ፒካፗ ብቻዋን ተመልሳ ሽማግሌዎቹን ታመጣለች። ማታም እንደዚሁ፣ እነሱ ቀድመው፣ ወንበሩ ቢያድርም ይደር። እማማ ጤናዬ ጋቢና። እኔ ኋላ፣ ከሰዎቹ ጋር፣ ጃንጥላ ይዤ።

ሄጄ ልንገረው።