አሥራ ዘጠኙ ሞቶቼ እንዳይሰረዙ ስለመጠየቅ

ለአካባቢያችን የሰላምና የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ በር ላይ ሕዝቡን ወረፋ የሚያስይዙት ጥበቃም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ዕረፍት የማያውቀው ማኅተምዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ልባዊ ምኞቴ ነው። የእኔን ጤና ከጠየቁ፣ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ መሠረት ከሞትኩ ሦስት ወር ያለፈኝ ቢሆንም፣ ከትንሽ የወገብ ሕመም በስተቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ሰኞ የደረሰኝ ደብዳቤዎ በመጀመሪያው አንቀጽ «የሞት ምዝገባዎ በስሕተት የተፈጸመ ሆኖ ስለተገኘ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ታርሞ ወደ ነዋሪዎች መዝገብ ይመለሳሉ» ይላል። በሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ጌም ቤቱ እንደታሸገ እንደሚቆይ ይገልጻል። ሁለቱን አንቀጾች ደጋግሜ አንብቤ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ምክንያቱን ከሥሩ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

ክቡርነትዎ በሕይወት ሳለሁ አያውቁኝም ነበርና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በቀዶ ጥገና ክፍል ነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ደረጃ ላይ ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ፤ ጀሶው ሲፈታ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ሐኪሜ ጣቶቼን የሚያሠራ ነገር እንድፈልግ መከረኝ። ሹራብ ጀመርኩና ሰለቸኝ። ከቤቴ ማዶ ጌም ቤት የከፈተችው የቀድሞ ልብስ ሰፊ ግን ስታየኝ አዘነችልኝና ጆይስቲክ አስጨበጠችኝ። ቤቷ ስምንት ወንበር አለው፤ ወንበሮቹን ከልብስ ስፌት ዘመኗ በተረፋት ጨርቅ ጋርዳቸዋለች፤ ተጫዋቾቹ ሳይተያዩ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይነጋገራሉ። ጨዋታው የጦርነት ነው። እኔ በቡድናችን ውስጥ የቆሰለ የማክምና የሞተ የማስነሣ ነርስ ነበርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልሆነልኝን ሙት የማስነሣት ነገር እዚያ አገኘሁት። ጣቶቼም ዳኑ።

ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ከአምስት ወር በፊት «የጌም ጨዋታ በኅብረተሰቡ ጠበኝነት ላይ ያለው ተጽዕኖ» በሚል ርእስ ስለጠሩት ስብሰባ አመሰግናለሁ። እኔም በእናቶች ወኪልነት ተጠርቼ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስብሰባው በተጀመረ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ምክትልዎና የጽዳት ክፍሉ ኃላፊ መድረኩ ላይ ማን መቀመጥ እንደሚገባው ባለመስማማታቸው አንደኛው ወንበር ሲያነሡ ሌላኛው የውኃ ጠርሙስ እንደወረወሩ፣ የምክትልዎንም ግንባር በሁለት ፕላስተር ያሸግሁት እኔ እንደሆንኩ አይዘነጉትም። እያሸግሁላቸው ሳለ፣ ለጥናቱ ይጠቅም ይሆናል ብዬ፣ ጌም ተጫውተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እኔ እንዲህ ያለ የጠብ ነገር አልወድም» አሉኝ። ያም ሆኖ ስብሰባው ጠበኝነት የሚመነጨው ከጌም ቤት መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወስኖ ተበተነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለካ በቃለ ጉባኤም ይጻፋል።

እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ሰውን መልአክ ያደርጋል አልልም። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ሲሸነፍ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል። እኔም አንድ ቀን፣ በወጣትነቴ እንኳ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ስሳደብ የጌም ቤቱ ባለቤት መጋረጃውን ገልጣ ገላምጣኛለች። ነገር ግን ፀጉር አስተካካዩ ጌም ቤቱ ከመከፈቱ በፊት የሚወረውረው መቀስ ነበር፤ ከጆይስቲኩ ይልቅ መቀሱን እንደምንፈራው ጎረቤቶቹ ሁሉ ይመሰክራሉ። በዚህ ላይ ጥናት የሚያደርግ ቢኖር ደስ ባለን።

፪. ከስብሰባው በኋላ በጌም ቤታችን ጥናቱን ስላካሄዱት ባለሙያዎ ትጋት ቃል ያጥረኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ስክሪኑ ላይ የወደቀውን ሁሉ በቅጽ ሲመዘግቡ ዋሉ። ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ ቅጹን ለጌም ቤቱ ባለቤት አደራ ሰጥተው «የሚሞት ካለ ይያዙልኝ» ይሉ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሞት ቆጠሩ። አብዛኞቹን ኮምፒውተሩ የፈጠራቸው ስለሆኑ «ማንነታቸው ያልታወቀ» አሏቸው፤ የእኛን ግን ወንበር ከምንይዝበት ደብተር ላይ እስከ አባት ስማችን ድረስ በጥንቃቄ ገለበጡት። የቆሰለ ባየሁ ቁጥር ጥይት መሐል እሮጥ ስለነበር የእኔ ድርሻ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ቅጹን ከትከሻቸው በላይ አጮልቄ አየሁና፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወድቄ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መነሣቴን፣ እኔም በተራዬ ስልሳ ያህል ሰው ማስነሣቴን አስታወስኳቸው። እሳቸውም በሐዘኔታ «እናቴ፣ ቅጹ ላይ ለተነሣ ሰው ሣጥን የለኝም» አሉኝ።

በማግስቱ ጌም ቤቱ ታሸገ። ዝርዝሩ «ለአስፈላጊው ተግባር» በሚል ለሞት ምዝገባ ክፍል ተመራ፤ የምዝገባ ክፍሉም ፍጥነቱ ይመስገንና አስፈላጊውን ተግባር ፈጸመ። እኔ ይህን ሳላውቅ መታወቂያ ላሳድስ መስኮት ቁጥር አራት ስደርስ፣ ጸሐፊዋ መዝገቡን አይታ ከመቀመጫዋ ተነሣችና «ነፍስ ይማር» አለችኝ። ማንን እንደሆነ ብጠይቃት እኔኑ ነው። አለመሞቴን ልነግራት ስሞክርም «እኔ ምን ላድርግ እናቴ፣ አንዴ ብቻ ቢሆን ስሕተት ነው እል ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተመዝግቧል እኮ» አለችኝ። በቁሜ ቀበሩኝ ሲባል እሰማ ነበር፤ ማስረጃ ከነማኅተሙ ሲሰጠኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በንዴት እዚያው ቆሜ የይታረምልኝ ማመልከቻ ጻፍኩ። ክቡርነትዎ አሁን የመለሱልኝ ያንን ማመልከቻ ነው፤ ምነው እጄ እንደተሰበረ በቀረ ኖሮ።

፫. አሁን ስለ ወንድሜ እናገራለሁ። የደብዳቤው ሁሉ ጉዳይ እሱ ነው።

በአምስት ዓመት የማንሰው አንድ አናጺ ወንድም አለኝ ብል ዕድሜዬን መቀነሴ ነው፤ ታናሼ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አባታችን ሲሞት የተወልን አንድ ቁም ሳጥን ነበር። እኔ በዘመድ ፊት «ሲታመም ያላስታመመ ልጅ ምን ይገባዋል» አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ እሱ ያኔ ሥራ ፍለጋ ሩቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። እሱም ወጥቶ መጋዝ ይዞ ተመለሰና ቁም ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፈለው። ከዚያም «እኔና እሷ በሕይወት እስካለን ድረስ ደጇን ብረግጥ እግሬ ይቆረጥ» ብሎ ማለ። ለጥናትዎ ይጠቅም እንደሆነ፣ በዚያን ጊዜ በሰፈራችን አንድም ጌም አልነበረም፤ መጋዝ ግን ነበር።

ሰባት ዓመት ቃል ሳንለዋወጥ ከረምን። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ወንበር ቁጥር ሁለት ላይ ተቀምጬ ስጫወት፣ በማዳመጫው አንድ ድምፅ «ነርሷ፣ ከኋላሽ አለ፣ ጎንበስ በይ» አለኝ። አወቅሁት። «አየሁት» ስለው እሱም አወቀኝ። ሁለታችንም ደንዝዘን ስንቆም ቡድናችን በሙሉ አለቀ። እኔ ማዳመጫውን ላውልቅ አላውልቅ እያልኩ ሳመነታ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ጥይት አለሽ?» አለኝ። «አለኝ፣ ና ውሰድ» አልኩት። ከሰባት ዓመት በኋላ የተነጋገርነው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ቅዳሜ አልቀረንም። እሱ ወንበር ቁጥር ስድስት ላይ ነበር። ፊት ለፊት እንዳንገናኝ ባለቤቷ ሁልጊዜ እሱን አምስት ደቂቃ ቀድማ ታስወጣልን ነበር፤ በመሐላው ላይ የተባለው ደጄን ስለመርገጥ ብቻ ቢሆንም ኩራት የሚባል ነገር አለ። በሁለተኛው ወር «እታለም፣ ደምሽ አልቋል፣ ዝም ብለሽ ተኚ፣ እየመጣሁ ነው» አለኝ። እታለም ይለኝ የነበረው በልጅነቱ ነው። እኔ በዚያ መጋረጃ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ተኩስ መሐል አለቀስኩ፤ ክቡርነትዎ «የጠበኝነት መፈልፈያ» ብለው የሰየሙት ቤት ይህ ነው። ሲያሽጉት የታሸገብኝ ጌም አልነበረም። ወንድሜ ነው የታሸገብኝ።

ደግነቱ አንድዬ ሳይደግስ አይጣላም። የሟቾች ዝርዝር በጽሕፈት ቤትዎ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ወንድሜ ነው፤ የመሣሪያ ሣጥኑን በአንድ እጁ፣ የዝርዝሩን ግልባጭ በሌላ እጁ ይዟል። ፊቱን ካየሁት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አርጅቷል። «እታለም፣ ሞተሻል አሉ» አለኝ። «አንተስ» ስለው «እኔም ሰባት ጊዜ» አለና ወረቀቱን አሳየኝ። «ማኅተም አለው፤ እንግዲህ መሐላው ወድቋል።» ይህን ብሎ ገባ። ወንድሜ ሞኝ አይደለም ክቡር ሆይ፤ ዘጠኝ ዓመት መውጫ ቀዳዳ ያጣ ኩሩ ሰው ነው። ቀዳዳውን የከፈቱለት እርስዎ ስለሆኑ በዚህ አንድ ቦታ ላይ ምስጋናዬ ያለ ምንም ሽሙጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ እየመጣ፣ የእሱን ግማሽ ቁም ሳጥን ከእኔ ግማሽ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ ግማሾች ዘጠኝ ዓመት በተለያየ ቤት ስለኖሩ አንደኛው ጠምሟል፤ እሱ ግን ከላይ እየላገ፣ ከሥር ሽብልቅ እያስገባ አስማምቷቸዋል። አሁን የሚቀረው አንድ በር ነው።

በእኔ ማመልከቻ ሳቢያ ዝርዝሩ ሁሉ ሊታረም ነውና፣ ባለፈው ማክሰኞ ወደ ሕይወት መመለሱን የሚገልጸው የራሱ ደብዳቤ ደርሶት ይዞት መጣ። መፍቻውን አስቀመጠና «መቼ ነው የምንነሣው?» ብሎ ጠየቀኝ። አሥር የሥራ ቀን አልኩት። በጣቱ ቆጠረና «በሩን አደርሰዋለሁ» አለ። ከበሩ በኋላስ አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

፬. አራተኛው ቅሬታዬ ቅጹ ላይ ስለሌለው ሣጥን ነበር፤ ከላይ ስለነካካሁት አልደግመውም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ለመጣል የጻፍኩት ማመልከቻ እንዳልተጻፈ ተቆጥሮ ፋይሉ እንዲዘጋልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሞት አልከበደኝም፤ መታወቂያ ባይኖረኝም ከቤቴ ርቄ አልሄድም፤ መስኮት ቁጥር አራት ያለችው ልጅም ስታየኝ ከመቀመጫዋ ትነሣለች፤ በሕይወት ሳለሁ ይህን አድርጋልኝ አታውቅም። ደንቡ አይፈቅድም የሚባል ከሆነና የግድ መነሣት ካለብን ግን፣ ከመነሣታችን አንድ ቀን አስቀድሞ የጌም ቤቱ እሽግ ይፈታልን። ወይ ሞታችንን ተዉልን፣ ወይ ቤቱን ክፈቱልን። ሁለቱንም ከነፈጉን፣ ወንድሜ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነውና፣ እውነተኛውን ሞት ልንጠብቅ ነው።

ማኅተምዎ ዕድሜ ከጤና ጋር እንዲያገኝ፣ ምክትልዎም መድረክ ላይ የሚቀመጡበት ሰፊ ወንበር እንዲገዛላቸው እየተመኘሁ፣ በመዝገብዎ ከተራ ቁጥር ፪፻፬ እስከ ፪፻፳፪ ተከታትዬ የሞትኩት፣

የቀድሞዋ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ
(በመቃብር ስላልተገኘች በቤቷ የምትገኝ)

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር አራት
ለታሸገው ጌም ቤት በር (ይለጠፋል)

ሳልጽፈው ልረሳ የነበረ፦ ባለሙያዎ በሦስተኛው ቀን ማምሻ «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብለው ወንበር ቁጥር አምስት ላይ ተቀምጠው እንደነበርና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መሞታቸውን ዝርዝሩ ላይ አላገኘሁትም። የጥናቱን ሪፖርት የፈረሙት እሳቸው ስለሆኑ፣ የሟች ፊርማ በሕግ ፊት ይጸና እንደሆነ ክቡርነትዎ ያጣሩልን። ስድስቱንም ጊዜ ሮጬ ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ፤ ሣጥን ስለሌለው ምስጋና አልጠብቅም።