የዓይናችንን ነገር ለደበቀው ወንድሜ

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ የህያ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ሥራው፣ ሱቁ፣ የጆሃንስበርግ ኑሮ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ሰላም ነን እንዳልልህ የሰበታን ሁኔታ ሰምተሃል፤ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ በአንተ ንዴት እህል አልወርድ ብሎኛል። ስልክ ትቼ ወረቀት ያነሳሁትም ከደወልኩ እንደምጮህ ስለማውቅ ነው፤ ከጮህኩ ደግሞ አባባ ይሰማሉ።

በሚያዝያ 2006 አንዲት የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥታ ዳፍንት በዘር የሚወርድባቸውን ቤተሰቦች ስትፈልግ እኛ ቤት ደረሰች። የአባባ ዓይን በአርባ ዓመታቸው እንደጠፋ ነገርናት። የእህታችን የሰይዳ ልጅ ሲድራም ገና በስድስት ዓመቷ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ እንደጀመረች አሳየናት። ሐኪሟ የአንድ ሰው ደም ብቻውን ብዙ እንደማይናገር አስረዳችን። የታመመውም ያልታመመውም ዘመድ ዲኤንኤ ጎን ለጎን ሲታይ ነው፣ በሽታውን የሚያመጣው ስህተት ተለይቶ የሚወጣው አለች። ስማችን ተነስቶ በቁጥር እንደሚቀመጥ፣ ሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎችም እንደሚያዩት፣ ካልፈለግን መተው እንደምንችል አንድ በአንድ አነበበችልን። አባባ «ለእኔስ አልፏል፤ ለሚወለዱት ይሁን» ብለው ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

ጊዜው ደግሞ መሬታችንን ወደ አዲስ አበባ ይጠቀልላል የተባለው ማስተር ፕላን ግርግር ያስነሳበት ነበር። ፎርም ይዞ ሰፈር የገባ ሁሉ መሬት ሊለካ ወይም ሰው ሊያስይዝ የመጣ ይመስል ነበር። ጎረቤታችን በቀለችን ታውቃታለህ፤ የእነሱም ቤት እንደኛው ዳፍንት አለበት። ወንድሟ በዚያው ሰሞን ታስሮ፣ የእርሻቸው ነገር እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ከእሷ በላይ ወረቀት የሚፈራ ሰው አልነበረም። ሆኖም ሐኪሟን ሁለት ቀን ሙሉ በኦሮምኛም በአማርኛም አፋጥጣ ስትጨርስ ዘጠኝ ዘመዶቿን ይዛ መጣች።

የእኛዎቹስ? አጎታችን አብዶ ከነልጆቹ ከቡታጅራ ሊመጣ ቀጠሮ ይዞ ቀረ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱ ነው፣ ፈርተው ነው እያልኩ ተከራከርኩላቸው።

ባለፈው ጥር ውጤት ተነገረን። የበቀለች ቤት ስህተት ታወቀ፤ ባሕር ማዶ ያሉ፣ አይተናቸው የማናውቅ ሰዎች ደማቸውን ለምርምር ሰጥተው ኖሮ ከእነሱ ጋር ገጠመ። መድኃኒቱ ገና ነው። ቢሆንም ከአምስት ልጆቿ የወረሱት ሁለቱ ተለይተው ክትትል ጀምረዋል፤ መድኃኒት ሲሞከር እንዲጠሩም ስማቸው ተይዟል። እኛን ግን ሐኪሟ በዲኤንኤያችሁ ውስጥ የሚጠረጠሩ ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ዘመድ ካልተጨመረ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልንም አለችን። ሲድራ እጄን ይዛ «የእኔስ?» አለችኝ።

ሰኞ ዕለት አጎቴ አብዶ መጣ። ይህንኑ ስነግረው አንገቱን ደፋና አለቀሰ። ለካ ያኔ ደውለህለት ኖሯል! ደማችንን ሊሸጡት ነው፣ ዝርዝሩ መንግሥት እጅ ይገባል፣ ሴት ልጆችህ ባል አያገኙም ብለህ አስፈራርተኸዋል። እሱ አልሰማ ሲልህም እውነቱን አወጣህ፤ አንተንም እንደጀመረህ፣ ሲመሽ መኪና መንዳት እንዳቆምክ፣ የዘር መሆኑ በምርመራ ወጥቶ እጮኛህ እንዳትሰማ መፍራትህን ነገርከው። በቁርአን አስምለህ አፉን ዘጋኸው።

የህያ፣ በመታመምህ አልቅሻለሁ፤ ያንን ለብቻው ያዝልኝ። አሁን የምናገረው ስለ ሌላው ነው። በቀለች ወንድሟ ታስሮ ያላጣችውን ድፍረት አንተ ማንም በማያስርህ አገር ተቀምጠህ አጣኸው? አልሰጥም ማለት መብትህ ነው፤ ሐኪሟም ማንም አይገደድም ብላለች። ሌላውን እንዳይሰጥ በውሸት መከልከል ግን ከየት የመጣ መብት ነው? ያቺን ሕፃን ሁለት ዓመት አስጠበቅካት። ያች እጮኛህስ ሳታውቅ ነው የምታገባህ?

አጎቴ ትናንት ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ሰባቱም ደም ሰጡ። ሐኪሟን ደቡብ አፍሪካ ያለ ዘመድ ቢኖረንስ ብያት፣ እዚያው ተቀድቶ ሊላክ እንደሚችል፣ የታመመ ሰው ደም ደግሞ ከሦስቱ ቦታዎች አንዱን ሊያስጥል እንደሚችል ነግራኛለች። የስልክ ቁጥሯ ከዚህ ጋር አለልህ። ልትደውል ወይም ልትተው አንተ ታውቃለህ። ከእንግዲህ ግን ለማንም ዘመድ ደውለህ ብታስፈራራ እህት አለችኝ አትበል።

እናታችን ትስምሃለች፤ ይህንን አላነበብኩላትም። ሰይዳ ሰላም ብላሃለች፤ እሷ ሁሉን ሰምታለች። ሲድራ ትናፍቅሃለች። በቀለችም ሰላም በይልኝ ብላለች።

አባባ ስጽፍ የብዕሩን ድምፅ ሰምተው ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለየህያ ስላቸው «ዓይኑን ደህና ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አሉ። ይኸው ጠይቄሃለሁ። መልሱን ለእሳቸው በራስህ አፍ ንገራቸው።

እህትህ ሉብና
ሰበታ፣ የካቲት 13 ቀን 2008 ዓ.ም.