የእቴቴ አንቀጽ

ለእቴቴ፣

«ኮምፒውተሮቹ ደህና ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም» ብሎ ንብረት ጠባቂው ለርዕሰ መምህሩ ሲነግራቸው ከደጅ ሰምቼ ለእነሱ ጤና ደስ ብሎኛል። አንቺስ እንዴት ከረምሽ? ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ጉሮሮሽ ምግብ ይቀበል ጀመር? እኔ ስብሰባውን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ።

ሐኪሙ ድምፅሽ እንደማይመለስ ቁርጡን ከነገረሽ ጀምሮ እዚህ ትምህርት ቤታችን የሚወራው ስላንቺ ነው፤ ስምሽን ግን የሚያነሳ የለም። «የቴክኖሎጂ አጠቃቀም ፖሊሲ» ነው የሚሉት። የሕመም ፈቃድሽ በዚህ ወር ያልቃል። ያለ ድምፅ ማስተማር እንደሚቻል እስከዚያ በጽሑፍ ካልተፈቀደ ጡረታ ያወጡሻል።

ስለዚህ በኮሚቴ ተሰበሰብን። ስልክ ይከልከል አይከልከል በሚለው ላይ የፈጀነውን ጊዜ አልነግርሽም፤ ይከልከል ባዮቹ ሁሉ ስልካቸውን እየነካኩ ነበር። ከዚያ ያንቺ አንቀጽ መጣ፦ መምህር የጻፈውን ኮምፒውተር ጮክ ብሎ ለተማሪዎች እንዲያነብለት ማድረግ ይችላል። ንብረት ጠባቂው ቢበላሽስ አለ። የስፖርት አስተማሪው፣ እሷ እንኳ ያን ሁሉ ዓመት ጮኻ ገና አሁን ነው የተበላሸችው ብሎ አፉን አስያዘው። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ተማሪ ሲረብሽ ኮምፒውተሩ ምን ሊል ነው አሉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ አርፈህ ተቀመጥ ብላ ትጽፍበታለች አልኳቸው። ሳቁ። ሳቁ ሳይበርድ እጅ ወጣ፤ ማንም ሳይቃወም አለፈ።

ደክሞኛል እቴቴ። ከስብሰባው ብወጣም ወንበሩ አብሮኝ የወጣ ይመስለኛል።

ዛሬ ፖሊሲው ማኅተም አርፎበት መጣ። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ከእኔ ሌላ ያነበበው ያለ አይመስለኝም። መጨረሻው ላይ «ይህ ፖሊሲ ከመጪው የትምህርት ዘመን ጀምሮ የጸና ይሆናል» ይላል። ይህን የወሰነ ስብሰባ አልነበረም። የዚህ ዓይነት ወረቀት ሁልጊዜ እንዲያ ስለሚያልቅ፣ ጸሐፊው ረቂቁን ሲያዘጋጅ እጁ ልማዱን ተከትሎ የጨመረው ነው። ርዕሰ መምህሩን እንዲያሻሽሉት ለመንኳቸው። ማኅተም ካረፈበት በኋላ እኮ ሌላ ስብሰባ ይጠይቃል፣ እሱም የሚጠራው ከዕረፍት ስንመለስ ነው አሉኝ። ፈቃድሽ ግን ከዚያ በፊት ያልቃል።

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥሽ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ጸሐፊውንም አትርገሚብኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
የኮሚቴው ጸሐፊ