ጎንበስ፣ ቀና

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እንደምን ከረምክ? ወገብህስ እንዴት ነው፣ ቁልፍ መቅረጫው ላይ አቀርቅረህ ስትውል የሚይዝህ ውጋት ለቀቀህ ወይስ አሁንም ቤት እንደ ለመደ እንግዳ ይመላለሳል? የእማዬ ዓይንስ ተሻለው? ባለቤትህስ፣ ልጅህስ፣ ቤቱ በሙሉ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፣ ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክማ ስንት ጊዜ ሞከርኩ! አንተ ደህና ነሽ ወይ ትልና መልሴን እንኳ ሳትጨርስ፣ በይ እማዬን ላገናኝሽ ብለህ ትሰጣታለህ፤ ነገሬም አፌ ላይ ይቀራል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልነገርኩህን ነው ዛሬ የምጽፍልህ። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደ ተነሣብኝ ልንገርህ።

ሥራዬ ያው ሕፃናትን ሙዚቃ ማስተማር ነው፤ ሠላሳ አንድ የአምስት ዓመት ልጆች። ዜማ የሚማሩ እንዳይመስልህ፣ ገና ምት ላይ ናቸው። ጉልበታችንን እንመታለን፣ እናጨበጭባለን፣ በጠመኔ ባሰመርኩት ክብ ላይ እንዞራለን። ቀላል ይመስላል አይደል? ልጆቹ ግን አንዴ ከጀመሩ ቁልቁለት እንዳገኘ ጎማ ናቸው። ጡሩምባ የምንለው አንዱ ደግሞ ሌላው ሦስት ሲያጨበጭብ እሱ አምስት አጨብጭቦ፣ ቀደምኳችሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል። ምት መቀዳደም ሳይሆን አብሮ መድረስ መሆኑን ለእሱ በቃል ማስረዳት፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ስለዚህ ከበሮዬን አንግቼ ከፊት ከፊታቸው እየሄድኩ፣ እርምጃቸውን የሚያስማሙበት ቃል ፈለግኩላቸው። አንድ፣ ሁለት ስላቸው ሦስት፣ አራት ብለው እስከ ሃያ ይነጉዳሉ። አንድ ቀን ሳላስበው ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና የሚለው ከአፌ አመለጠ። ወደዱት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጎንበስ ቀና ዞርን፤ ጡሩምባ እንኳ ማንንም አልቀደመም። እኔም ጮቤ ረገጥኩ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ርእሰ መምህሯ ሊያዩኝ መጡ። ከኋላ ከልጆቹ ወንበር በአንዷ ላይ ተጣጥፈው ተቀመጡና ማስታወሻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ሁለት ዙር እንደ ሄድን ከኋላ ጠርተውኝ፣ መምህርት፣ እነዚህ ልጆች ምን ነክቷቸው ነው የሚያነክሱት? አሉ። ዞር ብዬ አየሁ። ሠላሳ አንዱም በአንድ እግራቸው ዝቅ፣ በሌላው ብድግ ይላሉ። የሚያሾፉ መስሎኝ ተቆጣሁ። ሚጢጢ የምንላት ልጅ ከንፈሯን ጥላ፣ ቲቸር፣ እኛ እኮ አንቺ እንደምትሄጂው ነው የሄድነው አለችኝ። ርእሰ መምህሯም ከበሮሽም ያው ነው፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፤ ምት እኩል መሆን አለበት፣ አስተካክይና ተመልሼ አያለሁ ብለው ወጡ።

እግሬ እንደምታውቀው ጤነኛ ነው። ግራ ገብቶኝ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ እስቲ አካሄዴን እይልኝ ብላት ሳቀችብኝ። እናትዬ፣ ደረጃ ስትወጪ በኮቴሽ ነው የማውቅሽ፣ አንዱ ከበድ አንዱ ቀለል ይላል፤ እኔማ ጫማ ጠቧት ነው እያልኩ አዝንልሽ ነበር አለችኝ። ይሄኔ ነው አንተ የመጣህብኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እጄን ይዘህ አመላለስከኝ። በልጅነት ሕመም ላጠረው ግራ እግርህ፣ ጎንበስ ቀና የሚል ስም ያወጣህለት አንተው ነህ። ለመንገደኛው ሁሉ ጎንበስ ቀና የምል ሰው ነኝ፣ ከእኔ ወዲያ ሰው አክባሪ የት ይገኛል? ትል ነበር። ባለሱቁን፣ ፖሊሱን፣ የመብራት ምሰሶውን ሳይቀር እጅ ትነሣለህ፤ እኔም ከጎንህ እንዳንተው። ዝናብ ሲመጣ ጃኬትህን ለሁለታችን ራስ ትዘረጋውና፣ እርምጃችን ካልገጠመ ስለሚንሸራተት እግሬን ከእግርህ ማስማማት ግዴታዬ ነበር። ለካ በዚያው ለምጄው ቀርቻለሁ። ወንድምዓለም፣ ያ መንገድ እንዴት እንደሚናፍቀኝ!

ያን መንገድ ያቋረጠው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዕለት እስከ አዲሱ ትምህርት ቤት በር አደረስከኝ። ገና የተዋወቅኳት አንዲት ልጅ ማነው እሱ? ብትለኝ፣ የሰፈራችን ሰው ነው አልኳት። ሁለት እርምጃ እንኳ አልራቅክም ነበር። ደብተሬን ሰጥተኸኝ፣ በርቺ ብለኸኝ ሄድክ። በማግሥቱ፣ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ይበዛብኛል፣ ከእንግዲህ ራስሽ ሂጂ አልከኝ። በአንድ ሰዓት ማን ቁልፍ ያስቀርጻል? ቢገባኝም ደብተሬን አንሥቼ ብቻዬን ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ ስንባባል ይኸው ዓመቱ ነጎደ።

ምቱን አስተካክያለሁ። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ከበሮውን እመታለሁ፣ ልጆቹ ብቻቸውን ይዞራሉ፤ ቃሉንም ቀየርነው። እኔም ባዶ ኮሪደር ላይ የወለሉን ንጣፍ እየቆጠርኩ እኩል መራመድ ተለማመድኩ። ርእሰ መምህሯ ተመልሰው አይተው ደስ አላቸው፣ ቋሚ ሆኛለሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ግን ያን ዕለት እኩል እየረገጥኩ ከግቢው ስወጣ፣ እጅህን ዳግመኛ የለቀቅኩ መሰለኝና መንገድ ላይ አለቀስኩ። አሁን ክፍል ውስጥ እኩል እሄዳለሁ፤ ከበሩ ስወጣ እግሬን ለልማዱ እተወዋለሁ።

ወንድሜ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም፣ አፍሬብህ ነው ያልኩት። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ በሰኔ የመጨረሻው ቅዳሜ እመጣለሁ። ይቅር ካልከኝ መናኸሪያ ድረስ መጥተህ ተቀበለኝ። ታክሲ አንይዝም። ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ በዋናው መንገድ፣ በዚያ ትምህርት ቤት በር በኩል ቀስ እያልን እንሄዳለን።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ መነጽሯን ይዤላት እመጣለሁ በላት። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አንተን ችላ መኖሯ ራሱ ሙያ ነው። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ከበሮ ይዛልሽ ትመጣለች በላት፤ ለጎረቤቱ ጆሮም ከወዲሁ እዘንለት። እኔ ደግሞ የዚያን ቅዳሜ መንገድ ላይ፣ ማነው እሱ? ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳላጣ እየጸለይኩ ነው።

እህትህ

ከሙዚቃ ክፍሉ፣ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ
ግንቦት 14 ቀን