እስከ ጥር ሠላሳ የታደሰ መጽሐፍ

ጉለሌ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ እናት፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ እንዴት ሆኖ ያገኝሽ ይሆን? ጉልበትሽስ? የአምቦ አየር ይሻለኛል ብለሽ ነበርና ተሽሎሽ ከሆነ ደስ ይለኛል። ወንድምሽንና ልጆቹን በየስማቸው ሰላም በይልኝ። እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ። ብርድ ሲነካኝ ያስለኛል እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለኝም። ይደክመኛል ግን። ተኝቼ ስነሳም ይደክመኛል።

ዋቅቶላ ሐሙስ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ደብዳቤውን በእጁ ሰጥቼዋለሁ። በፖስታ ቤት በኩል እንዲያልፍ አልፈለግሁም። አብሮት አንድ ደብተር በጋዜጣ ተጠቅልሎ አለ። ደብተሩን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ክፈቺው። ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ሌላ አነጋገር እንደማላውቅበት ታውቂያለሽ።

ከሰኔ ወዲህ ጡረታ ወጥቻለሁ። ለሠላሳ አንድ ዓመት የባዮሎጂ ትምህርት አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጠዋት ጠዋት አስተካክለዋለሁ።

ክረምቱ ሲያልፍ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍሁ። በቁስቋም ተዳፋት ከባሕር ዛፉ ሥር የተረፉትን ዕፅዋት ስለማጠና በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ቤተ መጻሕፍት እንዳነብ ትብብር ይደረግልኝ የሚል ነው። ሊቀመንበሩ ዕፅዋቱ ለአብዮቱ ምን ይሠራሉ ብሎ ጠየቀኝ። አፈር ይይዛሉ አልሁት። አፈር መያዝ ጥሩ ነው አለና ማኅተሙን መታበት። ጥናቱ ውሸት አይደለም። እስካሁን አርባ ሦስት ዓይነት ቅጠል ጋዜጣ መካከል አድርቄ ቁጥር ሰጥቻለሁ። ነገር ግን ለቅጠል ብቻ ብዬ አልሄድሁም።

ማክሰኞና ሐሙስ በቀጨኔ አድርጌ በእግሬ እወርዳለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት በር ላይ ነኝ። መጀመሪያ ካርድ ከሞላባቸው መሳቢያዎች የመጽሐፉን ቁጥር ታገኛለሽ፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ለሠራተኛው ትሰጫለሽ፤ እሱ ገብቶ ያመጣልሻል። ሠራተኛው አቶ ወልዱ ይባላል፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አያንስም፤ ጋዋኑ ከታጠበ ብዛት ቀለሙ አይታወቅም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጋሼ፣ እዚህ ሰው እንዲህ በጠዋት የሚመጣው ፈተና ሲደርስበት ነው፤ እርስዎ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ምን ደረሰብዎ አለኝ። ወንበሬን ለይቶ በመስኮቱ በኩል ያስቀምጥልኝ ጀመር። በሁለት ወር ውስጥ ሃያ ስድስት መጽሐፍና መጽሔት አስወጥቶልኛል። የምፈልገውን አንዱን ግን አልጠየቅሁትም። ቁጥሩን በመጀመሪያው ቀን አግኝቼ በኪሴ ይዤው እዞር ነበር።

መጽሐፉን ታስታውሺዋለሽ። ስለ ፈርን የሚናገረው፣ በጥላ ውስጥ ስለሚበቅሉት አበባ የለሽ ተክሎች፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሰንብቶ ሳህን የማስቀምጥበት አሳጣችሁኝ ብለሽ የተቆጣሽበት። እኔ ከዩኒቨርሲቲው መዋስ ስለማይፈቀድልኝ ልጃችን ለታ በተማሪነት ካርዱ አውጥቶ አመጣልኝ። ሥዕሎቹን ለክፍሌ በደብተር እገለብጥ ነበር። እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስማቸውን ይጽፍልኝ ነበር፤ የእሱ እጅ ከእኔ ያምራል እያልሽ ታሾፊብኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ለወልዱ ሰጠሁት። ገብቶ ቆየ። ባዶ እጁን መጣና መደርደሪያው ላይ የለም፤ ይቆዩ፣ ካርዱን ልይ አለኝ። እዚያ እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ካርድ አለው። መጽሐፉ ሲወጣ ተዋሹ ካርዱ ላይ ይፈርምና ካርዱ እነሱ ዘንድ ይቀራል፤ ሲመለስ ቀኑ ይታተምበትና ከመጽሐፉ ጀርባ ኪሱ ውስጥ ይገባል። ወልዱ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን ስቦ አወጣ። አቧራውን እፍ ብሎ ካርዶቹን አገላበጠና አንዱን ፊቴ አደረገው።

በካርዱ ላይ መጨረሻ የሰፈሩት ሁለት መስመሮች የለታ እጅ ናቸው። ስሙ፣ ቀጥሎ የእኔ ስም፣ ፊርማው። በመጀመሪያው መስመር ላይ ተመላሽ የሚል ማኅተም አለ፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት። ጥር 16 ቀን 1970፣ ማክሰኞ። ከሥሩ እንደገና ፈርሟል፤ የመመለሻው ቀን ፌብሩዋሪ 7 ይላል፤ ጥር 30 ማለት ነው። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ወልዱን ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። አሳድሶት ነው አለኝ። መጽሐፍ ለማሳደስ ሰውየው ብቻውን ቢመጣ አይበቃም፤ መጽሐፉ ራሱ መቅረብ አለበት፤ አዲስ ቀን ይታተምበትና ተሸክሞት ይመለሳል። ከዚያ ወልዱ፣ ይኼ ልጅ ይዞብን ቀረ፤ ካወቁት ይንገሩት፤ ይዞ ይምጣ፤ ማንም አይቆጣውም አለኝ። እነግረዋለሁ አልሁት። የማንበቢያ ፈቃዴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዓይኑ ከካርዱ ወደ ፈቃዴ ሄደ፤ ስሜን አነበበ፤ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በዝግታ፣ በዚህ ሳጥን እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው ጋሼ፤ በየዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ የጠፋ በል ይሉኛል፤ እኔ ሳጥኑን በእግሬ ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ አለኝ። ካርዱን እስከ መዝጊያ ሰዓት ትቶልኝ ሄደ።

እኔ ለታን መጽሐፉን መልስ ነበር ያልሁት። አሳድስ አላልሁም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። አንቺ ጠዋት ገብስ ይዘሽ ወደ ወፍጮ ቤት ስትወጪ ዛሬ ልጁ ከደጅ እንዳይወጣ ብለሽኝ ሄድሽ። በቀጨኔ በኩል ሌሊቱን ሲተኮስ አድሮ ነበር። ተመልሰሽ የት ሄደ ስትይኝ ወጣ አልሁሽ። ማን ጠራው አልሽ። ዝም አልሁ። የዓለምነሽ ልጅ ግዛቸው ነው አይደል፣ አፏጭቶ ጠርቶት ነው አይደል አልሽ። ፉጨት አልሰማሁም ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ለታ ሳይመለስ ቀረ፤ ከሳምንት በኋላ ግዛቸውም ተያዘ፤ በሁለት ዓመቱ ተፈትቶ ሲገባ አንቺ የእሷ ልጅ መጣ፣ የእኔን ጠርቶ ወስዶት አልሽ። ያን ጊዜም ዝም አልሁ። እናቱ ዓለምነሽ ልጄ ያን ቀን በትኩሳት ተኝቶ ነበር ብላ ብትምል አላመንሻትም። የጸሎት ቤታችን ተዘግቶ በየቤቱ ስንጸልይ እሷ ባለችበት አልቀመጥም አልሽ፤ ከዚያም ሰፈሩን ትተሽ ሄድሽ።

የመጽሐፉ መመለሻ ቀን ጥር 16 ነበር። በእኛ ቤት መመለሻ ቀን የሚቆጥር ማን እንደ ነበር ታውቂያለሽ። በሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ደብተር እንኳ አንድ ቀን አሳልፌ መልሼ አላውቅም። ለታ ጫማውን እያሰረ፣ ነገ ቢሆንስ አባባ አለ። ምን ብዬ እንደ መለስሁለት አትጠይቂኝ።

ዓለምነሽ ከመስከረም ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ብለዋል። እሑድ ልጠይቃት ገባሁ። እጅዋ እንደ ገለባ ቀሏል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። መምህር፣ ሰዓትህ ዛሬ ልክ ነው ወይስ ለመሞት ዘገየሁ አለችኝ። ግዛቸው ሳቀ። ከዚያ እሱን እያየች፣ ይህ ልጅ በኳስ ሜዳ የፊት ጥርሱ ከወለቀ ወዲህ ማፏጨት አይችልም፤ ቢሞክር እንፋሎት ነው የሚወጣው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አፍህን ክፈት ብሎ አላየውም አለችኝ። ያለ ቁጣ ነው የነገረችኝ። ባለቤትህ ትመጣ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለች። እጠይቃለሁ አልሁ፤ ለወልዱ እንዳደረግሁት ለእሷም ቃል ሰጠሁ። የእሷን ግን ልፈጽመው እችላለሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

እንግዲህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ዋቅቶላ ቅዳሜ ይመለሳል፤ አብረሽው ነይ። እኔን ለማየት አይደለም። ዊንጌት ጋ ከወረድሽ በእኛ በር ማለፍ የለብሽም። በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወንዙን ተሻግረሽ በቀጨኔ በኩል ብትዞሪ ከዓለምነሽ ጓሮ ትወጫለሽ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ይረዝማል። በጓሮ ያለው ድልድይ አንድ እንጨቱ ተሰብሮ ነበር፤ ትናንት ሄጄ ቀይሬዋለሁ። ግዛቸውን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እዚያ ቆሞ እንዲጠብቅሽ ነግሬዋለሁ። እኔ በዚያ ሰዓት ቁስቋም ዳገት ላይ እሆናለሁ፤ በመንገድ አንገናኝም።

ደብተሩን ያን ጊዜ ስትፈልጊ አላየሁም ብዬሽ ነበር። ከመጻሕፍቴ ኋላ ነበር። በመጨረሻው የተሳለበት ገጽ ግርጌ በእርሳስ የጻፈው አለ፤ ስድስት ሥዕል ይቀራል ይላል። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት መጻፉ ነው። የሄደ ዕለት ማታ አይቼው ነበር፤ መጽሐፉን ለእነሱ ብሎ እንዳሳደሰው የገባኝ ግን ባለፈው ማክሰኞ ነው። ስድስቱን ገጽ ባዶ ትቼዋለሁ። ደብተሩ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በወንድምሽ ቤት እንጀራና ሰላም አይጉደል። ለእኔ እንድትጸልዪ አልጠይቅሽም። ለዓለምነሽ ግን ድረሺላት።

የልጅሽ አባት