የእርቁ ትዕይንት ነገ ይቀረጻል

ረቡዕ፣ ሰኔ 11 ቀን። እስከ ረፋድ የተሸጠ፦ አንድ ጥንድ መጋረጃ፣ ጥቂት ገበር፣ ነጭ ክር። ተጠይቆ ያልነበረ፦ የዕቃ ማሰሪያ ገመድ።

ውድ እናቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ከሐኪሙ ጋር ትከራከሪያለሽ? የአባባ ጆሮስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን፤ የማይድነው ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

ፊልም ሠሪዎች ሱቄን ተከራይተዋል ብዬሽ ነበር። ታሪኩ በጦርነት ጊዜ ስለነበሩ ሁለት ተማሪዎች ነው። ባልንጀራሞች ናቸው። የአንደኛዋ አባት ከወዲያኛው ወገን ሲሰለፍ የክፍሉ ልጆች ያገልሏታል፤ ሁለተኛዋም ፈርታ ፊቷን ታዞርባታለች። መጨረሻ ላይ እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጀርባ ተደብቀው ይታረቃሉ። እውነተኛውን ጦርነት ያየሽው አንቺ ሳትስቂ አትቀሪም፤ ጠዋት ጠዋት ወለሌ ላይ አቧራ ይነሰንሳሉ። ለማስገባቱ ይከፍላሉ፣ ጠርጎ ማውጣቱ ግን የእኔ ነው።

ፊቷን የምታዞረዋን ሆና የምትጫወተው የልጅ ልጅሽ ናት። የተገለለችዋ ደግሞ የጎረቤታችን የነርሷ ልጅ። አንዷ ያለ ሌላዋ ስለማትታይ ሰፈሩ «መቀስ» ይላቸዋል። ዳይሬክተሩ ታዲያ ኩርፊያው እውነት እንዲመስል ብሎ እርቁ እስኪቀረጽ ድረስ፣ ማለትም እስከ ቅዳሜ፣ እንዳይነጋገሩ ቃል አስገባቸው። ልጆቹ ደግሞ በቃላቸው እንደ አንቺ ናቸው፤ በር ላይ ቢጋጩ እንኳ ትንፍሽ አይሉም። «ማን ያይሻል፣ አናግሪያት» ብላት «እኔ አያለሁ» አለችኝ።

ዛሬ ገመድ የጠየቀችኝ ነርሷ ናት። የሥራ ቦታዋ ተቀይሮ እሑድ ከተማውን ይለቃሉ። ልጇ ለጓደኛዋ ራሷ ልትነግራት ስታስብ ዝምታው ቀደማት፤ አሁን ትራሷን ታቅፋ ታለቅሳለች አሉ። የእኛይቱ ምንም አታውቅም። እኔም አልነገርኳት፤ ወሬው የእኔ አይደለም።

ሱቁን ዘግቼ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን አስረድቼ እርቁን ነገ ጠዋት ቅረጽ አልኩት። «እህቴ፣ ከታረቁ በኋላ ለቀረው ሥራ ኩርፊያውን ከየት አመጣዋለሁ?» አለ። «እሑድ እንደሚለያዩ አውቀው የሚያመጡትን ፊት አንተ በትእዛዝ አታገኘውም» አልኩት። «ነጋዴ ነሽ ወይስ ዳይሬክተር?» ሲለኝ «ባለ ቁልፍ ነኝ፤ ሱቁ ነገ ለእርቅ ክፍት ነው፣ ለኩርፊያ ዝግ» አልኩት። ጢሙን አሻሸና ሳቀ። ገዢ ከሳቀ ገበያው አልቋል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

አባባን በደህነኛው ጆሮው በኩል ሳሚልኝ። ለታናሽ ወንድሜ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ፊልም ውስጥ ቦታ እንደማልፈልግለት ከወዲሁ ይወቀው። ሚስቱን አይዞሽ በያት፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ፣ ቀስ ብለሽ።

ልጅሽ፣ ከጨርቅ ሱቁ።

ነገ፦ ጎህ ሲቀድ ሱቁን መክፈት። ሁለቱን የተማሪ ልብስ መተኮስ። ቁልፉን ለዳይሬክተሩ ሰጥቶ መውጣት። ለነርሷ ገመድ መግዛት፤ ማድረሱ ግን ልጆቹ ተነጋግረው ከሱቁ ከወጡ በኋላ።